የባሕር ዳርን ግማሽ ማራቶን እያሰብኩ የከተማችንን ዳገት ልሩጥ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ሩጫ ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን በሳምንት 5 ቀን እሮጣለሁ፣ የእሑዱ ረጅም ሩጫዬም 16 ኪሎ ሜትር ደርሷል። በዳግማ ትንሣኤ እሑድ ባሕር ዳር ላይ በሚካሄድ የግማሽ ማራቶን ውድድር ተመዝግቤያለሁ፤ ምኞቴም ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በታች መግባት ነው። ከዚያ 5 ሳምንት አስቀድሞ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ በከተማችን የ8 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ አለ። መንገዱ ከከተማው ወደ ወንዙ ድልድይ 2 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ 2 ኪሎ ሜትር ይወጣና በዚያው ይመለሳል። አምና ሮጬው 43 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ለ5 ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ በሰዓቴም አፍሬ ለ2 ሳምንት ልምምድ አቋረጥኩ። ባልደረባዬ ‹ለትልቁ ራስህን ቆጥብ› ሲለኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ‹ያለህን ሁሉ አውጥተህ ሩጥና አቅምህን እወቅ› ይለኛል። የማንን ልስማ?»

መልስ፦

የተከበሩ መምህር፤ ይሩጡት፤ ነገር ግን ታናሽ ወንድምዎ እንደሚለው አይሩጡት። ባልደረባዎ መፍራታቸው ትክክል ነው፤ የፈሩት ነገር ግን ሌላ ነው። 5 ሳምንት ለቀረው ግማሽ ማራቶን የ8 ኪሎ ሜትር ውድድር ከባድ ሸክም አይሆንም፤ እንዲያውም ከወር እስከ ወር ብቻውን ሲሮጥ የኖረ ሰው በሰው መካከል መነሣትን፣ ሌላው ሲያልፈው መታገሥን፣ በደከመው ሰዓት አሳብን መሰብሰብን የሚማርበት አጋጣሚ ነው። ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው 43 ደቂቃው ሳይሆን ደረጃ መውረድ ያቃተዎት 5 ቀን ነው። ያን ያህል የጎዳዎት ዳገቱ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ምክሬ አብዛኛው ስለ አወራረድ ይሆናል።

ዳገት ሲወጡ የጭንና የባት ጡንቻዎች እያጠሩ ሰውነትን ወደ ላይ ይገፋሉ። ሥራው ልብንና ሳንባን ያስጨንቃል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አናቱ ላይ ደርሰው ጥቂት ደቂቃ ቢረጋጉ ግን ጭንቀቱ ያልፋል። ቁልቁለት ሲወርዱ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ጉልበት እንዳይከዳ በየእርምጃው የሰውነትን ክብደት መያዝ አለበት፤ ለመኮማተር እየታገለ በግድ ይለጠጣል። በዚህ መለጠጥ የጡንቻው ጥቃቅን ክሮች ይጎዳሉ፤ ሕመሙ በዕለቱ ብዙ አይሰማም፣ በማግስቱ ይጀምርና በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታል። ቁልቁለትን አታላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሲወርዱት ትንፋሽ ስለማያስቆርጥ በነጻ የተገኘ ፍጥነት ይመስላል፣ ዕዳው የሚጠየቀው ግን ማክሰኞ ነው።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ተምሯል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በሚያስኬደው በዚያ መንገድ ልምድ ያለው ሾፌር መኪናውን በከባድ ማርሽ ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በፍሬን ብቻ የሚወርደው ግን ሸለቆው ወገብ ላይ ሳይደርስ ፍሬኑ ግሎ ይሸታል። የፊተኛው ጭንዎ የእርስዎ ፍሬን ነው። እኔም በወጣትነቴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተወራርጄ ከደጀን አፋፍ ቁልቁል 6 ኪሎ ሜትር ያህል በሩጫ ወርጄ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ተመልሻለሁ። ውርርዱን አሸነፍኩ። ከዚያ ለ3 ቀን የቤታችንን ደፍ የምወርደው ፊቴን ወደ ቤት አዙሬ፣ ግድግዳውን ይዤ ነበር፤ ከ10 ቀን በኋላ በነበረብኝ ውድድርም እኩሌታው ላይ ደርሼ አቋረጥኩ።

ደስ የሚለው፣ ጡንቻ በዚህ ረገድ ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ በመጠኑ ቁልቁለት የወረደ ጭን፣ ለቀጣዮቹ ጥቂት ሳምንታት ሌላ ቁልቁለት ቢገጥመው ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ጉዳት ይደርስበታል። አምና በባዶ ጭን ሄደው ነው የተጎዱት፤ ዘንድሮ ግን 3 ሳምንት አለዎት። በዚህ ሳምንት፣ ከአንድ ቀላል ሩጫ መጨረሻ ላይ፣ ለስላሳ ዘቅዛቃ ሣር ወይም አፈር ፈልገው 300 ሜትር ያህል በመካከለኛ ፍጥነት 4 ጊዜ ይውረዱ፤ ሽቅቡን በእግር ጉዞ ይመለሱ። በማግስቱ ጥቂት ቢሰማዎት አይደንግጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ የውድድሩ ቁልቁለት ላይ 6 ጊዜ ይድገሙት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ውድድሩ 8 ቀን ያህል ጭንዎን ከቁልቁለት ያሳርፉት። ከጭን ጡንቻ ይልቅ ጉልበትዎ መገጣጠሚያው ላይ የሚወጋዎት ከሆነ ግን ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልምምዱን ያቁሙና ይታዩ።

አወራረዱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጮቄ ተራራ ተዳፋት ገብስና ድንች ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱትን ሰዎች ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ጉልበታቸው በመጠኑ የታጠፈ፣ እርምጃቸው አጭርና ፈጣን ነው፤ ማንም እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ በተረከዙ መሬቱን አይደልቅም፣ ማንም ወደ ኋላ ተለጥጦ አይሄድም። ሯጭም እንዲሁ ነው። እርምጃ ማስረዘም የፍጥነት ስሜት ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ረጅም እርምጃ ግን እንደ ፍሬን ምት በጭን ላይ ያርፋል። እግርዎ ከሰውነትዎ ብዙ ሳይቀድም ከሥርዎ ይረፍ፤ ክንዶችዎን ለሚዛን ጥቂት ገለጥ ያድርጓቸው፤ ዓይንዎ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከፊትዎ 10 ወይም 15 ሜትር ላይ ይሁን።

በእርስዎ መንገድ ላይ የከፋው ቁልቁለት የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ከመነሻው መስመር ጋር ይገጥማል። ተኩሱ ሲሰማ ሕዝቡ ከበረት እንደ ተለቀቀ ጥጃ ይፈነጫል፤ ቁልቁለቱም ያግዘዋል። እነዚያን 2 ኪሎ ሜትሮች ሰዎች እያለፉዎት ይሩጧቸው። ብዙዎቹን ከድልድዩ ማዶ ያገኟቸዋል።

ይህ የትንንሽ ከተሞች ጣጣ ብቻ አይምሰልዎ። የአሜሪካው የቦስተን ማራቶን ከመነሻው እስከ መድረሻው በጠቅላላው 140 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ሲሆን፣ አብዛኛው መውረድ ያለው በመጀመሪያው እኩሌታ ነው፤ ስመ ጥር የሆኑት ዳገቶቹ ግን ከ26ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ይመጣሉ። ዳገቶቹ በራሳቸው ያን ያህል የረዘሙ አይደሉም። ብዙ ሯጮችን እዚያ የሚሰብራቸው ቀደም ብለው በቁልቁለቱ ያለ ቁጠባ ያባከኑት ጭን ነው። ኢትዮጵያዊቷ ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ማራቶንን ካሸነፈች በኋላ፣ ይህንኑ የቦስተን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በ1998 እና በ1999 በተከታታይ አሸንፋበታለች። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ 3 ዓመት በተከታታይ የሚያሸንፍ ሰው መውረድን የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዳገቱ የምለው ጥቂት ነው፤ ደብረ ማርቆስ እየኖሩ ዳገት አስተምርዎታለሁ ማለት ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ይሆንብኛል። በሰዓት ሳይሆን በትንፋሽ ይውጡት፤ ሦስት አራት ቃል ተናግረው ትንፋሽ የሚስቡበት ልክ ለመጀመሪያው ዳገት በቂ ነው። ከወገብዎ አይጎንበሱ። አናቱ ላይ ሲደርሱም ወዲያው አይላሉ፤ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ያሉት 50 ሜትሮች ብዙ ሰው «ተገላገልኩ» ብሎ የሚዘናጋባቸው ስለሆኑ እዚያ ፍጥነታቸውን የጠበቁ ሰዎች በቀላሉ ይቀድማሉ። ሁለተኛው ዳገት፣ ወደ መድረሻው የሚወስደው፣ የእርስዎ ነው። እዚያ ላይ የወንድምዎን ምክር ይስሙ፤ ያለዎትን ሁሉ ያውጡ። ሽቅብ የተከፈለ ድካም በሁለት በሦስት ቀን ይወጣል።

አሁን ወደ 43 ደቂቃዎ ልምጣ፤ 2 ሳምንት ያሳፈረዎት እርሱ ነውና። 43 ደቂቃን ለ8 ቢያካፍሉት ለአንዱ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ግድም ይደርሳል። 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በትንሹ ያነሰ ፍጥነት ለ21 ኪሎ ሜትር ይጠይቃል፤ «8ቱን እንኳ በ5 ደቂቃ ያልሮጥኩ ሰው 21ን እንዴት?» ማለትዎ አይገርምም። ነገር ግን ዳገት የወሰደውን ቁልቁለት መልሶ አይሰጥም። ለምሳሌ ሽቅቡን 4 ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ፣ ቁልቁሉን 4 ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ተኩል ቢሮጡ፣ 25 እና 18 ተደምሮ 43 ደቂቃ ይሆናል። ሜዳ ላይ 5 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በዳገቱ 75 ሰከንድ ቢያጣ፣ በቁልቁለቱ 30 ሰከንድ ብቻ ቢመለስለት ውጤቱ ይኸው ነው። በዚህ ላይ ከተማዎ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ነው። በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አሸናፊዎች እንኳ በከፍታውና በመንገዱ ምክንያት 10 ኪሎ ሜትሩን በአውሮፓ ሜዳ ላይ ከሚሮጡት ዘግይተው ነው የሚገቡት፤ በዚህ ያፈረ አሸናፊ አላየሁም።

ይህን ስል አምና ለ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቁ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ላስደስትዎ ብዬ አልዋሽዎትም። በ5 ደቂቃ ፍጥነት 8 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚችል ሰው በዚያው ፍጥነት 21ን አይዘልቅም፤ ያን ሰዓት የሚያስብ ሯጭ 8 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ 37 ደቂቃ ተኩል አካባቢ መሮጥ ይጠበቅበታል። እርሱን ግን የሚለካው ሜዳ እንጂ ይህ መንገድ አይደለም። ስለዚህ በደብረ ዘይት እሑድ ምሽት ወረቀት ይዘው የባሕር ዳርን ሰዓት ከዳገቱ ሰዓት ለማስላት እንዳይቀመጡ አደራ እላለሁ።

መንገዱ ሌላ ነገር ግን ይነግርዎታል። የእጅ ሰዓትዎን አራት ቦታ ላይ ይያዙት፤ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ፣ መዞሪያው ላይ፣ ሲመለሱ ድልድዩ ላይ፣ መድረሻው ላይ። ሁለተኛውንና አራተኛውን ክፍል፣ ማለትም ሁለቱን ዳገቶች፣ ያስተያዩ። ሁለቱ ዳገቶች እኩል ላይቆሙ ስለሚችሉ፣ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው በቀላል ሩጫ መንገዱን አንድ ጊዜ ሄደው የተፈጥሮ ልዩነታቸውን መዝግበው ይያዙ። በውድድሩ ቀን ሁለተኛው ዳገት ከዚያ ልዩነት በላይ ከ30 ሰከንድ ያልበለጠ ከዘገየ ጽናትዎ መልካም ነው፤ ከ1 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ወይ አነሣስዎ ፈጥኗል፣ ወይ የእሑዱ ረጅም ሩጫዎ ገና ይቀረዋል። ግማሽ ማራቶን የሚለየው ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ በደከመ እግር የሚወጣው ያ ሁለተኛ ዳገት ለዚያ ሰዓት ከማንኛውም ድምር የተሻለ ምስክር ይሆናል።

ስለ ሳምንቱ አደረጃጀት፦ ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜ አያዙሩት፤ በደከመ ጭን ቁልቁለት መውረድ አምና የሆነውን መድገም ነው። ቅዳሜ ይረፉ ወይም 30 ደቂቃ በዝግታ ይንቀሳቀሱ። እሑድ ጠዋት 3 ኪሎ ሜትር በዝግታ ሮጠው ያሟሙቁ፤ ውድድሩን ከጨረሱ በኋላ ውኃ ጠጥተው 10 ደቂቃ ይራመዱና ጭንዎ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ 4 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ በዝግታ ይሩጡ። በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ይሆንልዎታል፤ ረጅሙ ሩጫ ቀረብኝ ብለው እንዳይቆጩ።

ጾሙን አልዘነጋሁትም። በሳምንቱ የሥራ ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ ጠንከር ያለውን ልምምድ ጠዋት አድርገው ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ ማስተማር ሰውነትን መበደል ነው። በ9 ሰዓት በሶ በጥብጠው ወይም ዳቦና ሙዝ ቀምሰው 11 ሰዓት ላይ ይሩጡት፤ ማታ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን በደንብ ይብሉ። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከል እንጂ እህል ሳይቀምሱ መዋል ስለሌለ፣ የውድድሩ ጠዋት ሩጫው ከመጀመሩ 2 ሰዓት ቀደም ብለው ቀለል ያለ ነገር መውሰድ ይችላሉ። በዚያ እሑድ ሊቆርቡ ካሰቡ ግን ሩጫውን ይተዉት፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባትዎ ያውቁታል።

ከውድድሩ በኋላ ባለው ሳምንት ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። በሯጮች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ለተወዳደሩበት ለእያንዳንዱ ማይል አንድ ቀላል ቀን ይሰጣል። 8 ኪሎ ሜትር 5 ማይል ያህል ስለሆነ፣ እስከ ዐርብ ድረስ ፈጣን ነገር አይሞክሩ። ሰኞ በእግር ይንሸራሸሩ፤ ማክሰኞ ሕመም ቢበረታም ባይበረታም ከሣር አይውጡ፤ ከረቡዕ ጀምሮ እንደ ስሜትዎ 40 ደቂቃ በዝግታ ይሩጡ። በሚቀጥለው እሑድ 18 ኪሎ ሜትር ያለ ሰዓት ይሮጣሉ። ሰኞ ጠዋት ጭንዎ ደኅና መስሎዎት እንዳይደፍሩ፤ ሕመሙ የሚመጣው ዘግይቶ መሆኑን አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ዳገትን ይሰናበቱ፤ ባሕር ዳር ሌላ ዓለም ናትና። ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደብረ ማርቆስ 600 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ ትንፋሽዎ ይቀልልዎታል። በሚያዝያ ግን ሙቀቷ ይጠናል፤ ከፍታው የሰጠዎትን ሙቀቱ ሊወስደው ይችላል። መንገዱ ሜዳ መሆኑም የራሱ ፈተና አለው፤ ዳገትና ቁልቁለት ሲፈራረቁ አንዱ ጡንቻ ሲሠራ ሌላው ያርፋል፣ ሜዳ ላይ ግን ያው ጡንቻ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለ እረፍት ይሠራል። ስለዚህ ከውድድሩ በኋላ ካለው ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ፣ ሜዳማ መንገድ ፈልገው በሳምንት አንድ ጊዜ 3 ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ፍጥነት 3 ጊዜ ይሩጡ፤ በመካከል 3 ደቂቃ በዝግታ። ለሙቀቱም አንድ ሁለት ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ በ4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቀላል ሩጫ ያድርጉ፤ ቅዳሜን የመረጥኩት ውኃ መጠጣት እንዲችሉ ነው።

ስለ ፋሲካ አንድ ነገር ልጨምር። ግማሽ ማራቶንዎ በፋሲካ ሳምንት ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከ55 ቀን ጾም የወጣ ሆድ ዶሮውን፣ ቅቤውንና ጠላውን በአንድ ጊዜ ሲቀበል ምን እንደሚሆን ያውቁታል። እሑድና ሰኞ ይፈስኩ፤ ማንም አይከለክልዎትም፣ እኔም አልሞክርም። ከረቡዕ ጀምሮ ግን ወደ ለመዱት ቀለል ያለ ምግብ ይመለሱ፤ አረቄውን ደግሞ ባሕር ዳርን ከጨረሱ በኋላ ያገኙታል፣ የትም አይሄድም።

በደብረ ዘይት እሑድ የያዟቸውን አራት ሰዓቶች ከሁለቱ ዳገቶች የተፈጥሮ ልዩነት ጋር ጽፈው ቢልኩልኝ፣ ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በምን ፍጥነት መጀመር እንዳለብዎት በሚቀጥለው ደብዳቤ እመልስልዎታለሁ።